ጤናማ ምግብ በቤት፦ ረሃብ ከመምጣቱ በፊት የሚሠራ ሥራ

ብዙ ሰው በጤና መብላት የሚያቅተው እውቀት ስለጎደለው አይደለም። አትክልት እንደሚጠቅም፣ ስኳርና ጨው ሲበዙ እንደሚጎዱ የማያውቅ ጥቂት ነው። ውሳኔው የሚበላሸው ሰው ደክሞና ርቦት ቤቱ ሲገባ ነው። በዚያ ሰዓት ጥሬው ቦሎቄ ገና ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ ካሮቱ አልታጠበም፤ ብስኩቱ ግን ማሸጊያውን መቅደድ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ረሃብ ሲመጣ በቤት ውስጥ የበሰለ ነገር ይኑር። ይህ ከተሟላ በጤና መብላት የቆራጥነት ፈተና መሆኑ ይቀራል።

የበሰለው ነገር ምን ዓይነት ይሁን ለሚለውም ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ኬቪን ሆልና ባልደረቦቻቸው 20 ጎልማሶችን በምርምር ማዕከል አስቀምጠው ለ2 ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ 2 ሳምንት ደግሞ ከተፈጥሮው ብዙም ያልራቀ ምግብ አቀረቡላቸው። በሁለቱም ጊዜ የቀረበው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብ፣ በሶዲየምና በፋይበር (በሆድ በማይፈጨው የዕፅዋት ክፍል) ተቀራራቢ ነበር፤ ሁሉም የፈለገውን ያህል መብላት ይችላል። ተሳታፊዎቹ የተቀነባበረው በቀረበላቸው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ የሚጠጋ ብልጫ በሉ፣ ፈጥነውም በሉ፤ ክብደታቸው 1 ኪሎ ገደማ ጨመረ። በሌላው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሰ። ማንም «ቀንስ» አላላቸውም። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር ግልጽ ነው፤ የምግቡ ዓይነት ከተስተካከለ መጠኑ በአብዛኛው ራሱን ያስተካክላል፤ ካሎሪ እየቆጠሩ መኖርም ግዴታ አይሆንም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። ወፍራም ታች ያለው ክዳናም ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ የተሳለ ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ወንፊትና ክዳን ያላቸው ጥቂት ዕቃዎች ይበቃሉ። ቢላዋው መሳሉን እንደ ቀላል ነገር አይዩት። የደነዘዘ ቢላዋ ሥራውን ያረዝማል፣ ጣትንም የሚቆርጠው እየተንሸራተተ ነው።

አንደኛ፦ ጓዳውን መመርመር

ለግዢ ከመውጣትዎ በፊት ያለዎትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ይዩት። ለመለየት የሚረዳ አንድ አመዳደብ አለ፤ በብራዚል በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ካርሎስ ሞንቴይሮ የመሩት ቡድን ያወጣው ኖቫ የተሰኘው ነው። ምግብን በ4 ይከፍላል። የመጀመሪያው ያልተቀነባበረ ወይም በጥቂቱ ብቻ የተሠራ ነው፦ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ትኩስ ሥጋ። ሁለተኛው ለማብሰያ የሚውለው ዘይት፣ ቅቤ፣ ጨውና ስኳር ነው። ሦስተኛው የሁለቱ ቅልቅል ነው፤ አይብ፣ ተራ ዳቦ፣ በጨው ውሃ የታሸገ ሽምብራ እዚህ ይገባሉ። አራተኛው በማንም ቤት ጓዳ የማይገኙ ማቅለሚያዎች፣ ማጣፈጫዎችና የተለወጡ ስታርቾች የገቡበት የፋብሪካ ውጤት ነው፤ ለስላሳ መጠጥ፣ ፈጣን ኑድል፣ ከረሜላ፣ አብዛኛው የታሸገ ብስኩት።

አመዳደቡን እንደ መነጽር እንጂ እንደ ሕግ አይያዙት። በሱቅ የተገዛ ስኳር የሌለው እርጎ፣ የታሸገ ሽምብራ፣ የቀዘቀዘ አተር ለሥራ ለሚጣደፍ ሰው ትልቅ እርዳታ ናቸው፤ በፋብሪካ ስላለፉ ብቻ መጣላት የለባቸውም። ያሉዎትን ዕቃዎች የሚቆይ፣ ሲያልቅ የማይተካ፣ ዛሬውኑ የሚወጣ ብለው ይለዩ። የመጨረሻው ክፍል ትንሽ ይሁን። ምግብ መጣል ያሳዝናል፤ ቀስ ብሎ መጨረስ ይቻላል።

ከማሸጊያ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይልመዱ። ግብዓቶች የሚዘረዘሩት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ስኳር በብዙ ስም ይመጣል፦ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ ማልቶስ፣ ሲረፕ። ሦስቱ ወይም አራቱ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ተበታትነው ካገኙ፣ ቢደመሩ ምናልባት ከሁሉ በላይ ይቀመጡ ነበር። በጨው ፈንታ ሶዲየም ብቻ ከተጻፈ ቁጥሩን በ2.5 ያባዙት፤ የጨው መጠኑ እሱ ነው። ዳቦ ሲገዙ ቡናማ ቀለምና «ባለ ብዙ እህል» የሚለው ጽሑፍ አያሳምንዎት። ቀለሙ ከተቃጠለ ስኳር ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ዓይነት እህል ማለትም ሙሉ እህል ማለት አይደለም። በግብዓቱ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ «ሙሉ ስንዴ» ወይም ሌላ ሙሉ እህል ይፈልጉ።

ሙሉ እህል የሚለየው ምንም ስላልተነሣለት ነው። አንዲት የስንዴ ፍሬ ሦስት ክፍል አላት፦ ፋይበር የበዛበት የውጭ ሽፋን፣ ዘይትና ቫይታሚን የያዘው የሚበቅለው ክፍል፣ እና መሐሉን የሞላው ስታርች። ነጭ ዱቄት ሲዘጋጅ ሁለቱ ተገፍፈው ስታርቹ ይቀራል። ከፋይበሩና ከማዕድኑ አብዛኛው የሚሄደው ከእነሱ ጋር ነው።

ሁለተኛ፦ አጭር የግዢ ዝርዝር

በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት መግዛት ጀማሪውን ያደክማል፤ ግማሹም ሳይነካ ይበላሻል። ለመጀመሪያው ሳምንት የሚከተለው ይበቃል፦

- አንድ ሙሉ እህል፤ ቡናማ ሩዝ፣ ገብስ ወይም አጃ።
- ሁለት ጥራጥሬ፤ አንዱ ፈጥኖ የሚበስል ምስር፣ ሌላው ሽምብራ ወይም ቦሎቄ።
- የሚቆዩ አትክልቶች፤ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ዱባ ወይም ስኳር ድንች።
- የማይቆይ አንድ ቅጠል፤ ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ሰላጣ።
- ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቲማቲም።
- እንቁላል፤ የሚወዱ ከሆነ ዓሣ ወይም ዶሮ።
- ዘይት፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ወይም ሰሊጥ፣ የወቅቱ ፍራፍሬ።

ቅጠሉን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይብሉት፤ ጥቅል ጎመኑና ካሮቱ ለሳምንቱ መጨረሻ ይጠብቃሉ። የቀዘቀዘ አትክልት ካገኙ ያለ ጥርጣሬ ይግዙ። ከተሰበሰበ ብዙም ሳይቆይ ስለሚቀዘቅዝ የምግብ ይዘቱ ቀናት በመደርደሪያ ላይ ከቆየው ትኩስ አትክልት አያንስም።

የሙሉ እህል ዱቄት በትንሽ በትንሹ ይገዛ። የሚበቅለው ክፍል ዘይት ስላለበት ከነጭ ዱቄት ቀድሞ ይበላሻል፤ በቀዝቃዛ ቦታ በተከደነ ዕቃ ቢቀመጥ ይሻላል። ድንች ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ከሽንኩርት ጋር በአንድ ቅርጫት ሲቀመጥ ሁለቱም ቶሎ ይበላሻሉ። የአረንጓዴ ቀለም የያዘና የበቀለ ድንች ሶላኒን የተባለ መርዛማ ነገር ያጠራቅማል፤ በመቀቀል አይጠፋም። ጥቂት አረንጓዴ ካለበት ያንን ክፍል በጥልቀት ቆርጠው ያውጡት፤ ብዙ ከሆነ ድንቹን ይተዉት።

ሦስተኛ፦ የድስቱ ቀን

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቤት የሚውሉበትን ቀን መርጠው፣ አራት ነገር አብስለው ያስቀምጡ፦ ጥራጥሬ፣ እህል፣ አትክልትና ስልስ። በዚህ ቀን ሙሉ ምግብ መሥራት አያስፈልግም። ተሠርቶ ያለቀ አንድ ዓይነት ምግብ በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል፤ ለየብቻው የበሰለ ነገር ግን በየቀኑ ሌላ መልክ ይይዛል።

ጥራጥሬው ከሁሉ በላይ ጊዜ ስለሚፈልግ ሥራው ከዋዜማው ማታ ይጀምራል። ድንጋይና የተበላሸ ፍሬ ይልቀሙ፤ ከዚያ አጥበው ሦስት እጥፍ በሚሆን ውሃ ለ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፍዝፉ። ቤትዎ ሞቃት ከሆነ መዘፍዘፊያውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡ፤ አለዚያ ይኮመጥጣል። በ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ቢጨምሩበት ጥሩ ነው። ጨው ጥራጥሬን ያጠነክራል የሚለው አባባል በሰፊው ይሰማል፤ በመዘፍዘፊያው ውስጥ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ልጣጩን አጥብቀው የያዙትን ካልሲየምና ማግኒዚየም ሶዲየም ይተካቸዋል፤ ልጣጩ ሳይፈነዳ እኩል ይለሰልሳል።

ጠዋት ውሃውን ይድፉና ጥራጥሬውን በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ይህ ጨውንም፣ ሆድ የሚነፉትን ስኳሮች በከፊልም ያስወግዳል። አዲስ ውሃ ጨምረው በኃይለኛ እሳት ያፍሉ። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ እዚህ ላይ ትኩረት ያስፈልጋል። በጥሬው ሌክቲን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን አለበት፤ አራት ወይም አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ከባድ ማስመለስና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። በሚገባ እየተፍለቀለቀ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ለበለጠ ጥንቃቄ 30 ደቂቃ መፍላት አለበት። በዝቅተኛ ሙቀት ቀኑን ሙሉ በሚያበስሉ የኤሌክትሪክ ድስቶች ጥሬ ቀይ ቦሎቄ አይጨምሩ፤ ሙቀቱ መርዙን ለማጥፋት ላይበቃ ይችላል። ከመጀመሪያው መፍላት በኋላ እሳቱን ቀንሰው፣ ክዳኑን ገርበብ አድርገው፣ ቀስ እያለ እየተንተከተከ ይብሰል። ሽምብራና ቦሎቄ እንደ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ምስር ሳይዘፈዘፍ በ20 እስከ 30 ደቂቃ ይደርሳል። መድረሱን በሰዓት ብቻ አይወስኑ፤ ጥቂት ፍሬ አውጥተው በምላስና በላንቃ መካከል ይጫኑት፤ ሁሉም ያለ ጥርስ ከደቀቀ በስሏል።

ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም የሚጨመሩት ጥራጥሬው ሙሉ በሙሉ ከለሰለሰ በኋላ ነው። አሲድ የፍሬውን ግድግዳ ያጠነክራል፤ ቀድሞ የገባ ቲማቲም የማብሰያውን ጊዜ በጣም ሊያረዝመው ይችላል። ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ አልበስል ያለ ጥራጥሬ ብዙውን ጊዜ ያረጀ ነው፤ ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ቤኪንግ ሶዳ በማብሰያው ውሃ መጨመር ይረዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ጥራጥሬው እየበሰለ እህሉን ይጣዱ። አንድ ኩባያ ቡናማ ሩዝ ሁለት ኩባያ ተኩል ውሃ ይፈልጋል፤ ከፈላ በኋላ በዝቅተኛ እሳት ተከድኖ 40 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። ክዳኑን በየመሐሉ አይክፈቱ። ከእሳት ከወረደ በኋላም ሳይከፈት 10 ደቂቃ ያሳርፉት፤ ከታች የቀረው እርጥበት ወደ ላይ ይዳረሳል። የውሃ ልክ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ሩዙን ወይም ገብሱን እንደ ፓስታ በብዙ ውሃ ቀቅለው ማጥለል ይችላሉ። 

አትክልቱን በምድጃ መጥበስ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። አትክልት አልወድም የሚሉ ብዙ ሰዎች የሚያውቁት በውሃ ተቀቅሎ የለዘዘውን ነው። ምድጃውን እስከ 200 ወይም 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሙቁ። ካሮቱን፣ ዱባውን፣ አበባ ጎመኑን እኩል መጠን አድርገው ይክተፉ፤ በጨርቅ አድርቀው፣ በጥቂት ዘይትና ጨው አሽተው በትሪ ላይ በአንድ ረድፍ ይዘርጉት። መደራረብ የለበትም፤ ከተደራረበ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን፣ እንደ አትክልቱ ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ይቆይ። ያ ቡናማ ቀለም ጣዕም ነው፤ ውሃው ከገጹ ሲያልቅ ስኳሩና አሚኖ አሲዱ በከፍተኛ ሙቀት ተገናኝተው የሚፈጥሩት። ምድጃ የሌለው ሰው በወፍራም መጥበሻ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየከፈለ፣ ሳያማስል ቢተወው ወደዚሁ ውጤት ይደርሳል።

ቅጠላ ቅጠሉ ግን ለዕለቱ ይቀመጥ። ታጥቦ፣ ከነጠብጣብ ውሃው በክዳናም መጥበሻ ለ3 ወይም ለ4 ደቂቃ ብቻ ይብሰል። ቫይታሚን ሲ በውሃ ይሟሟል፣ በሙቀትም ይቀንሳል፤ ብዙ ውሃ ውስጥ ረጅም ጊዜ መቀቀል ከሁለቱም ወገን ይጎዳዋል። የግድ ከተቀቀለ ውሃው ለሾርባ ይዋል። በካሮትና በዱባ ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ደግሞ ያለ ጥቂት ስብ በደንብ አይመጠጥም፤ ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒንም በዘይት ሲበስል ለሰውነት ይበልጥ ይቀርባል። ሁሉን ጥሬ መብላት ይበልጣል የሚለው ምክር ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ ጥሬውም የበሰለውም በሳምንቱ ውስጥ ቦታ ይኑረው።

ስልሱ ቀላል ነው። ሽንኩርት በዝግታ እስኪለሰልስ አቁላልተው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረው፣ ቲማቲሙን ከትተው ዘይቱ እስኪለይ ያብስሉት። ከዚህ በተጨማሪ ለሰላጣ ሦስት እጅ ዘይትና አንድ እጅ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በጠርሙስ አናውጠው ያስቀምጡ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ዘፍዝፎ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማቆየት ግን አደገኛ ነው፤ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል። ነጭ ሽንኩርቱን በሚበሉበት ዕለት ይጨምሩ።

አራተኛ፦ ማቀዝቀዝና ማስቀመጥ

ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ትልቅ ድስት ሙሉ ትኩስ ምግብ እንዳለ ቢተዉት መሐሉ ለሰዓታት ሞቅ እንዳለ ይቆያል፤ ስለዚህ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍለው በፍጥነት ያቀዝቅዙት።

ለሩዝ የተለየ ጥንቃቄ ያድርጉ። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘር በመቀቀል አይሞትም፤ የበሰለው ሩዝ ውጭ ሲያድር ያድግና መርዝ ያወጣል፤ ያ መርዝ ዳግም ቢሞቅም አይጠፋም። ሩዝ እንደበሰለ በትሪ ዘርግተው፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ።

በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን የሚበቃውን ብቻ ያስቀምጡ፤ ቀሪው በአንድ ሰው ድርሻ ተከፋፍሎ በበረዶ ማድረጊያው፣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ። የተቀቀለ ጥራጥሬ ከጥቂት ውሃው ጋር ሲቀዘቅዝ አይደርቅም። ሲያሞቁ የሚበላውን ያህል ብቻ አውጥተው እንፋሎት እስኪያወጣ፣ መሐሉም ትኩስ እስኪሆን ያሙቁት።

አምስተኛ፦ በ15 ደቂቃ ገበታ መሙላት

አሁን ደክመው ቢገቡም ሥራው መገጣጠም ብቻ ነው። ለልክ የሚረዳው ሳህኑ ራሱ ነው፤ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ሙሉ እህል፣ ሩቡ ፕሮቲን ያለው ምግብ፣ ማለትም ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ዶሮ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ፣ ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ይመክራል። የፋይበሩ ቁጥር ከባድ ይመስላል፤ ግን አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ብቻውን 15 ግራም ገደማ አለው፤ ከነልጣጩ የተበላ መካከለኛ ፖም 4፣ አንድ ኩባያ ቡናማ ሩዝ ከ3 በላይ። በእነዚህ ሦስት ብቻ ቀኑ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ምሳሌ ልስጥ። ሰኞ፦ ሩዝ፣ ከላዩ ሽምብራ በቲማቲም ስልስ፣ ጎኑ ላይ የተጠበሰ ካሮትና ዱባ። ማክሰኞ፦ ያው ሽምብራ በሹካ ተደፍጥጦ ከሎሚ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሰሊጥ ጋር ተለውሶ በሙሉ ስንዴ ዳቦ፣ ከጥሬ ጥቅል ጎመን ሰላጣ ጋር። ረቡዕ፦ የቀረው አትክልትና ምስር በውሃ ተፈጭቶ ሾርባ፣ ላዩ ላይ የተቀቀለ እንቁላል። ሐሙስ፦ ሩዙ በመጥበሻ ከእንቁላልና ከቀዘቀዘ አተር ጋር። ግብዓቱ አንድ ነው፤ ማንም ግን አንድ ምግብ ደጋግሞ እንደበላ አይሰማውም።

ለጥራጥሬና ለቅጠል ገበታ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አይለየው። ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት በቀላሉ አይመጠጥም፤ ቫይታሚን ሲ በዚያው ገበታ ላይ ሲኖር በተሻለ ይገባል። ሻይና ቡና ደግሞ ይከለክሉታል፤ የደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቢያርቃቸው ይጠቅመዋል።

ስለ ጣዕም

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ የጤና ምክር የሚከሽፈው በዚህ ነው። የቤት ምግብ ካልጣፈጠ ማንም ቤተሰብ ከአንድ ወር በላይ አይታገሠውም፤ አለመታገሡም ትክክል ነው። ጣዕም የሌለውን ምግብ «ለጤናህ ነው» ብሎ ማቅረብ ሰውን ከጤናማ ምግብ ጋር ያጣላል።

ምግቡ የሆነ ነገር ጎድሎት ሲሰማዎት ወዲያው ጨው አይጨምሩ። መጀመሪያ ጥቂት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርገው ይቅመሱት፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው እሱ ነው። አሲድ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሲጨመር ስለታም ጣዕሙን ይጠብቃል። ጥልቀት ከጎደለው ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሽንኩርቱ ቶሎ መውረዱ ነው፤ በዝግታ 15 ደቂቃ የተቁላላ ሽንኩርት ለድስቱ የሚሰጠውን ጣዕም የታሸገ ማጣፈጫ አይሰጥም። ቅመም ከውሃው በፊት በሞቀ ዘይት ጥቂት ሰኮንድ ቢነካ ሽታው ይወጣል፤ አብዛኛው የቅመም መዓዛ የሚሟሟው በስብ ነውና። በመጨረሻም የተከተፈ ትኩስ ቅጠል ወይም የተቆላ ሰሊጥ ላዩ ላይ ይነስንሱ። ጥርስ ላይ የሚሰማ ነገር ሲኖር ለስላሳው ምግብ ይነቃል።

ጨው የሚመከረው ለጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ከአንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው፤ በዳቦና በታሸገ ምግብ የሚገባውም ይቆጠራል። በአንድ ጊዜ ከቆረጡት ምግቡ ሁሉ ይፈዛል። በየሳምንቱ ጥቂት እየቀነሱ ከሄዱ ምላስ ይለምዳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቀድሞው መጠን ራሱ የሚያንገሸግሽ ይሆናል። የሚጠቀሙት ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን።

ስለ ስብ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የወይራ፣ የሱፍ፣ የለውዝና የመሳሰለው ፈሳሽ ዘይት ለዕለት ይሁን፤ ቅቤና ሌላ የሚረጋ ስብ በልኩ። በፋብሪካ በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት ከተጻፈበት ዕቃ ግን ይራቁ፤ ትራንስ ፋት የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ለልብ ጎጂነቱም አያከራክርም።

ጠዋትና በመሐል

ለጠዋት ማታውኑ የተዳመጠ አጃ በወተት ወይም በእርጎ ዘፍዝፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩ፤ ጠዋት ፍራፍሬና ለውዝ ይጨመርበታል። ምንም ማብሰል የለውም። በመሐል ለሚመጣ ረሃብ የታጠበ ፍራፍሬ ጠረጴዛ ላይ፣ የተቀቀለ እንቁላልና የተቆራረጠ ካሮት ደግሞ ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት ይቀመጡ። የሚታየው ነገር ቀድሞ ይበላል።

መጠጥ ብዙ የሚያበላሽ ቦታ ነው። የተጨመረ ስኳር፣ ማርና ጭማቂ ውስጥ ያለውም ጨምሮ፣ ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል፤ 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም ማለት ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን 35 ግራም ገደማ ሊይዝ ይችላል። የፍራፍሬ ጭማቂም ፋይበሩን ስለሚያጣ ፍራፍሬውን አይተካም፤ ሦስት ብርቱካን በአንድ ብርጭቆ በደቂቃ ይጠጣል፤ ሦስት ብርቱካን ልጦ የሚበላ ግን ጥቂት ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ሰዎች

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ፖታሲየም ያለባቸውን ጥራጥሬና አትክልት ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ ክኒን የሚወስድም እንዲሁ፤ አመጋገቡ ሲለወጥ የመድኃኒቱ መጠን መለወጥ ሊኖርበት ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ቅጠል በድንገት ማብዛትም መተውም የለበትም፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይለውጣል። ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ የማይበላ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከክኒን ማግኘት አለበት። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥ፤ ለትንንሽ ልጆችም ሙሉ ለውዝ ስለሚያንቅ ተፈጭቶ ይሰጥ።

ጤነኛ ሰውም ቢሆን ፋይበርን ቀስ በቀስ ይጨምር፤ በአንድ ቀን ከዜሮ ወደ ሁለት ሳህን ቦሎቄ የዘለለ ሆድ ይነፋል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ግማሽ ኩባያ ጥራጥሬ ይበቃል፤ ውሃም አብሮ ይጨመር።

የድስቱን ቀንም በዚሁ አካሄድ ያስፉት። በመጀመሪያው ሳምንት ጥራጥሬና እህል ብቻ ይቀቅሉ። እሱ ሲቀልልዎት የተጠበሰውን አትክልት፣ ከዚያ ስልሱን ይጨምሩ። ማብሰል የማይቻልበት ሳምንት መምጣቱ ስለማይቀር፣ ባበሰሉ ቁጥር ከእያንዳንዱ ሁለት ድርሻ ለበረዶ ማድረጊያው ይለዩ። ቀኑን በእስክሪብቶ ላዩ ላይ ይጻፉ፤ ጣዕሙ ሳይለወጥ በ3 ወር ውስጥ ይበላ፤ ሲያወጡም የቆየውን ያስቀድሙ።